የእናት ሕመም፦ ደሴ ይታዩ ወይስ አዲስ አበባ?

እናት ነገር መርሳት፣ ሌሊት መቃዠት ሲጀምሩ ልጆች ይከራከራሉ፤ እዚሁ ደሴ ሆስፒታል ይታዩ ወይስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አዲስ አበባ፣ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል እናድርሳቸው?

እኔ መጀመሪያ እዚሁ ባይ ነኝ። ድሮ በአውሮፓም የአረጋውያን የአእምሮ ሕመም «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። በ1955 እ.ኤ.አ. የብሪታንያው ሐኪም ማርቲን ሮት ድባቴ፣ ድንገተኛ መቃዠትና የመርሳት በሽታ መጨረሻቸው እንደሚለያይ አሳዩ፤ አገሪቱ ግን የአረጋውያንን የአእምሮ ሕክምና ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ አድርጋ የተቀበለችው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው። ድንገተኛው መቃዠት ብዙ ጊዜ ከሽንት ኢንፌክሽን፣ ከሳንባ ምች ወይም ከሚወስዱት መድኃኒት ይመጣል። የደምና የሽንት ምርመራ ደሴም አለ፤ መዘግየት ግን ሕይወት ያስከፍላል። ደግሞስ ግራ የገባቸውን እናት ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ማንገላታት ምን ይሉታል!

የአማኑኤል ብልጫ የረጅም ዘመን ልምዱ ነው። ሕመሙ ድባቴ ሆኖ በመድኃኒት አልሻል ካለ፣ ያኔ ሪፈር አጽፎ መሄድ ነው።