ኖስለር ፓርቲሽን 180 ግሬን፦ ለኤልክ የማምነው ጥይት

አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን የሚዘጋጅ ወዳጅ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ጠመንጃው ነው። ከዚያ ስለ ስኮፑ፣ ማለት ስለ ማነጣጠሪያ መነጽሩ። ስለ አረሩ፣ ከጥይቱ ተወርውሮ ስለሚሄደው ክፍል፣ የሚጠይቀኝ ብዙም የለም። እንስሳው ላይ የሚያርፈው ግን እሱ ነው።

ወንዱ ኤልክ 300 ኪሎ ያልፋል። የትከሻው አጥንትና ጡንቻ ቀላል ነገር አይደለም። ስስ አረር እዚያ ላይ ካረፈ ተበታትኖ ይቀራል፣ ሳንባ ጋ አይደርስም። ሲመታ ፊቱ ጨርሶ የማይከፈተው የወታደር ጥይት ደግሞ ጠባብ ቀዳዳ ሠርቶ ያልፋል። ኤልኩ ቆስሎ ጫካ ይገባና ይጠፋባችኋል። የማይከፈተው ጥይት በኮሎራዶ ሕግም ክልክል ነው። ሕጉ የሚከፈት አረር፣ ቢያንስ 85 ግሬን (5.5 ግራም ገደማ) ክብደት፣ 100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) ላይ ቢያንስ 1,000 ፉት-ፓውንድ ጉልበት ይጠይቃል። 85 ግሬን ይዤ ተራራ ግን አልወጣም።

እኔ የምተኩሰው በ30-06 ጠመንጃ ፓርቲሽን የሚባለውን የኖስለር አረር፣ ባለ 180 ግሬኑን ነው። ወደ 11.7 ግራም ማለት ነው። ሐሳቡን ያመጣው ጆን ኖስለር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ካናዳ ውስጥ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ሲያድን የያዘው አረር አልሠራ ብሎት። መላው ቀላል ነው። የመዳቡ ሽፋን መሃሉ ላይ ግድግዳ አለው። ከግድግዳው ፊት እርሳስ አለ፣ ከኋላውም እርሳስ አለ። የፊቱ ሲመታ ይከፈታል። የኋላው ተከልሎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ባለፈው መከር አንዱን ከማዶ ጎን ከቆዳው ሥር ፈልቅቄ አወጣሁት። የጎድን አጥንት ሰብሮ፣ ሁለቱንም ሳንባ በስቶ ነው እዚያ የደረሰው። ፊቱ እንደ እንጉዳይ ተገልብጧል። ኋላው ግን ከፓኮው የወጣ ነው የሚመስለው፣ የጠመንጃው ጥርስ የቧጠጠው መስመር እንኳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስመዝነው 118 ግሬን ሆነ። ሲሶው ሄዷል። ታዲያ እንዲህ እንዲሆን ነው የተሠራው።

የሄደው ሲሶ የት ገባ ካላችሁ፣ ሥጋው ውስጥ ነው። በዓይን የማይታይ የእርሳስ ብናኝ ሆኖ። እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው፤ ስለዚህ አረሩ ባለፈበት ዙሪያ ያለውን ሥጋ ሳልሳሳ ቆርጬ እጥላለሁ። ቤታችሁ ሕፃናት ካሉ ግን እንደ ባርነስ ቲኤስኤክስ ያለ ሙሉ መዳብ ብትይዙ ይሻላል። እሱ ወደ አራት ቅጠል ይከፈታል፣ ክብደቱንም ከሞላ ጎደል ይዞ ይቀራል። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል አረሩ ይረዝማል፤ በዚያ ላይ ስለማይበታተን 165 ወይም 168 ግሬን ይበቃል። ለመከፈት ግን ፍጥነት ይፈልጋል፣ በጣም ከሩቅ አትተማመኑበት። ካሊፎርኒያ የምታድኑ ከሆነማ ምርጫም የላችሁ፤ ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ እዚያ በእርሳስ ማደን አይቻልም።

የፓርቲሽን ጫፉ ለስላሳ እርሳስ ነው። ጠመንጃው ወደ ኋላ በመታ ቁጥር የጥይት ካርታው ውስጥ ይጨፈለቃል። ሲያዩት ያስጠላል እንጂ በአደን ርቀት የሚያመጣው ለውጥ የለም። ወረቀት ዒላማ ላይ ጥይት አጠጋግቶ መትቶ መኩራራት ለሚወድ የፕላስቲክ ጫፍ ያላቸው አዳዲሶቹ ይሻሉታል።

ከአፈሙዙ በሰከንድ 2,700 ጫማ ገደማ ይወጣል። ስኮፑን 200 ያርድ ላይ ካስተካከላችሁት 300 ላይ ከ8 እስከ 9 ኢንች ይወርዳል። ከዚያ በላይ እኔ ቃታ አልስብም።

ዋጋው ይከብዳል፣ አልዋሽም። ልምምዱን በርካሽ ጥይት አድርጉት፣ ችግር የለውም። ስኮፑን ግን በራሱ በፓርቲሽኑ አስተካክሉ። ክብደታቸው አንድ ቢሆንም ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ አይመቱም።