ለቆሮሶ የተገዛች ዘንግ ይዤ ባሌ ወጣሁ

የዓሣ ማጥመጃ ዘንጓን የገዛሁት እዚሁ ሐዋሳ ነው፣ 2,400 ብር። እንደ ድሮ ሬዲዮ አንቴና እየተሳበች 2.7 ሜትር ትረዝማለች፣ ስትሰበሰብ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች። ክሩና መጠቅለያው አብሯት ነው የሚመጣው። ሻጩ "ለማንኛውም ዓሣ ትሆናለች" አለኝ። አመንኩት።

ሐይቁ ላይ እውነት ለመናገር አላሳፈረችኝም። ሁለት ወር ሙሉ ቆሮሶ አወጣሁባት፣ አንዴ ክንዴን የሚያህል አምባዛ ስታወጣ እንኳን ጎበጠች እንጂ አልተሰበረችም። ጉዷ የወጣው ጥር ላይ ለትራውት ስሄድ ነው።

ለማታውቁት፣ የባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ትራውት አለ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው፣ አሁን ራሱን እያራባ የዱር ዓሣ ሆኗል። ቀዝቃዛና የሚፈስ ውኃ ይወዳል፣ ሐይቃችን ለሱ አይሆንም። ከሻሸመኔ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጋችሁ ዲንሾ ትገባላችሁ፣ መጀመሪያ ፓርኩ ቢሮ ሄዳችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ጃኬት እንዳትረሱ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል።

ያጠመድነው ወይብ ላይ ነው፣ ያ ወደ ታች ወርዶ ሶፍ ዑመር ዋሻን ሰንጥቆ የሚያልፈው ወንዝ። ቋጥኙ ግራና ቀኝ ገጥሞ ውኃው የሚጠብበት ቦታ ላይ 2.7 ሜትር ዘንግ መያዝ በታክሲ ውስጥ ቆርቆሮ እንደመሸከም ነው፤ ስወረውር ቁጥቋጦው ይይዘኛል፣ ስመልስ ድንጋዩ። ክሩም 0.35 ሚሊ ሜትር ነው። ሐይቁ ላይ ማን ያየዋል? እዚያ ግን ውኃው ጠጠሩ እስኪቆጠር ጥርት ያለ ስለሆነ ዓሣው ክሩንም እኔንም ያየናል። የመጀመሪያውን ቀን ባዶ እጄን ተመለስኩ።

በማግስቱ ጓደኛዬ 0.20 ክር ሰጠኝና አካሄዴን አስተካከለልኝ። ትራውት ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሮ ነው የሚቆመው፣ የሚበላው ከላይ ስለሚመጣለት። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ፣ ጎንበስ ብላችሁ፣ ጥላችሁን ውኃው ላይ ሳትጥሉ ትሄዳላችሁ። ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ፣ ውኃው ረጋ የሚልበት ቦታ ላይ ትንሽ የምትሽከረከር የብረት ማባበያ ጣልኩ። ወዲያው ሳበኝ! ሁለት ያዝኩ፣ ትንሹን እጄን አርሼ ለቀቅኩት። ትልቁ ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር ነበረው፣ በዳጣ በላነው። ከቆሮሶ ይለሰልሳል፣ እኔ ግን አሁንም የቆሮሶ ሰው ነኝ።

ዘንጓስ? መገጣጠሚያዋ ውስጥ አሸዋ ገባና አልሰበሰብ አለች፣ ጫፏ ላይ ያለችው የክር ቀለበትም ወለቀች። ሐዋሳ ድረስ ተዘርግታ በሚኒባስ መስኮት ወጥታ ነው የመጣችው፣ ለሰዉ ሁሉ መሳቂያ ሆኜ። ለሐይቅ ከአምስት አራት እሰጣታለሁ፣ ለተራራ ወንዝ አንድ። እዚያ የምትሄዱ ከሆነ ከ2 ሜትር ያነሰች፣ ቀጭን ክር ያላት ፈልጉ።

ልመልሳት ሱቁ ሄጄ ነበር። ሻጩ አገላብጦ አያትና "ይቅርታ ወንድሜ፣ ውኃ የነካ ዕቃ አንመልስም" አለኝ።