የፌማ እርዳታ ነጻ ነው፣ እኔ ግን ሐዋሳ ላይ 2,500 ብር ከፈልኩበት

የሁለት አገልግሎት አስተያየት ነው። አንዱ ፌማ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ አደጋ ሲደርስ ሰው የሚረዳው የመንግሥት መሥሪያ ቤት። ሌላው እዚሁ ሐዋሳ መሀል ከተማ ያለ፣ «የውጭ ጉዳይ እናስፈጽማለን» የሚል ቢሮ። ስሙን አልጠራም።

እህቴ ዲቪ ደርሷት ቴክሳስ፣ ሂዩስተን ነው የምትኖረው። ሃሪኬን ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ቴክሳስ የገባው ሰኞ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2016 ነበር። እዚያ ሌሊት 10 ሰዓት፣ እኛ ጋ ቀን 6 ሰዓት። እማዬ ቡና አቅርባ ነበር፣ ሁለተኛውን ሳንጠጣ ስልክ ስንደውል ዋልን። እዚያ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት ጠፍቶበት ነበርና የእህቴም ቤት ለቀናት ጨለማ ሆነ፣ በዚያ ሙቀት፣ ያለ ኤሲ። ሐዋሳ መብራት ኖሮ ሂዩስተን ሲጠፋ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ! ፍሪዘር ውስጥ ያጠራቀመችው የወር ወጥ ተበላሸ። ስልኳን መኪና ውስጥ ነበር ቻርጅ የምታደርገው።

ገንዘብ እንላክላት ብንል፣ ሐዋላ ከዚያ ወደዚህ እንጂ ከዚህ ወደዚያ አይታሰብም። ቢሮው ጋ የሄድኩት ያኔ ነው። ልጁ ኮምፒውተሩን ከፍቶ «የፌማን ፎርም እኛ እንሞላለን፣ 2,500 ብር» አለኝ። ደንግጬ ስለነበር ሳልጠይቅ ከፈልኩ። ቀጥሎ የእህቴን ሶሻል ቁጥር (አሜሪካ ውስጥ ሰው የሚለይበት የግል ቁጥር) እና የባንክ አካውንቷን ጠየቀኝ። ደወልኩላት። ስልኳ 8 ፐርሰንት ላይ ነው፣ እሷ ግን የሚያስጨርስ አይነት ጩኸት ጮኸችብኝ፤ «አንተ ልጅ፣ ሶሻሌን ለማን ልትሰጥ ነው?»

እውነቷን ነው። ፌማ ለማመልከቻም ሆነ ቤት ለሚያይ ተቆጣጣሪ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደውም አንድ ማመልከቻ ነው፣ ሁለት ቦታ ከተሞላ ጉዳዩ ይጓተታል። እህቴ ራሷ 800-621-3362 ደወለች። እንግሊዝኛው ሲከብዳት አስተርጓሚ ጠየቀች፣ እሱም በነጻ ነው። ለምግብ፣ ለውሃ፣ ለነዳጅ የመሳሰለው አስቸኳይ ነገር ያኔ ይሰጥ የነበረው 750 ዶላር አካውንቷ ገባ። ብዙ አይደለም፣ ሂዩስተን ላይ የቤት ኪራይም አይሞላም። ግን ፍሪጁ መልሶ ሞላ።

ዘመድ ያላችሁ ይህችን ልብ በሉ፣ ምክንያቱም እዚህ ሐዋሳ ውስጥ ብዙ ሰው ግሪን ካርድ ያለው አይገባውም ሲል ሰምቻለሁ። ይገባዋል። ጥገኝነት የተፈቀደለትና ስደተኛ ሆኖ የገባም እንዲሁ። ጥሬ ገንዘቡ የማይደርሰው እንደ እህቴ የቤት ደባል ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የመቆያ ከለላ) ያለው፣ በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ያለው ነው። እሱም ቢሆን እዚያ የተወለደ ዜጋ ልጅ ካለው በልጁ ስም ማመልከት ይችላል። መጠለያ፣ ምግብና ውሃ ግን ወረቀት ሳይጠየቅ ለሁሉም ነው። «አይገባህም» የሚል ደብዳቤ ቢመጣም ተስፋ አትቁረጡ፣ ብዙ ጊዜ የጎደለ ሰነድ ወይም የኢንሹራንስ ወረቀት ነው፤ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል።

ለፌማ 4 ኮከብ። አንዷን የቀነስኩት ደባሏ ስላሳዘነችኝ ነው፣ እሷም እኮ ያው ጨለማ ውስጥ ነበረች፣ ሕጉ ግን እንዲያ ነው።

ለቢሮው ኮከብ የለኝም። ብሬን እንዲመልስልኝ ሦስት ጊዜ በባጃጅ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ልጁ ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳ ሳይል «ለሚቀጥለው አውሎ ነፋስ ይያዝልህ» አለኝ።