ጃርዲያን በብርሃን መቁጠር፦ የኤቲፒ መለኪያ ኪት ግምገማ

ተቅማጥ የሚያስይዘውን የአንጀት ተውሳክ ጃርዲያን የሚገድል ውህድ ለሚፈልግ ላብራቶሪ ይህ ኪት በእርግጥ ይጠቅማል። ሉሲፈሬዝ የተባለው ኢንዛይም በሕያው ተውሳክ ውስጥ ባለው ኤቲፒ (ሕዋስ ኃይል የሚያገኝበት ሞለኪውል) ብርሃን ይሰጣል፤ ተውሳኩ ካለቀ ብርሃኑ ይደበዝዛል። ኦራኖፊን የተባለው የመገጣጠሚያ ብግነት መድኃኒት የአንጀት አሜባን እንደሚገድል በ2012 የታወቀው በዚሁ ዓይነት መለኪያ ነው።

አሠራሩ አያደክምም፦ ተውሳኩና ውህዱ አብረው የሚገቡበት ነጭ ባለ 384 ጉድጓድ ሳህን፣ 37 ዲግሪ፣ 48 ሰዓት፤ ከዚያ ከፈሳሹ ጋር እኩል መጠን ያለው ሪኤጀንት (ሉሲፈሬዝ ያለበትን የኪቱን ፈሳሽ) ጨምሮ 10 ደቂቃ ቆይቶ ማንበብ። ሳህኑ ከኢንኩቤተር ወጥቶ መጀመሪያ 30 ደቂቃ ያህል የክፍሉን ሙቀት ይያዝ፤ አለዚያ የዳርና የመሃል ጉድጓዶች ንባብ ይለያያል።

ትልቁ ጣጣ ኦክስጅን ነው። ሳህኑ አየር በማያስገባ ከረጢት ካልታሸገ መድኃኒት ያልነካው ተውሳክም ይሞታል። ለማነጻጸሪያ የሚገባው የተለመደው የጃርዲያ መድኃኒት ሜትሮኒዳዞልም ይዳከማል፤ መድኃኒቱን የሚያነቃውን ኤሌክትሮን ኦክስጅኑ ይሻማዋልና።

የኪቱ እውነተኛ ጉድለት ሌላ ነው። ሉሲፈሬዝን የሚያግድ ውህድ ተውሳኩን ሳይነካ ገዳይ መስሎ ይታያል። ስለዚህ እያንዳንዱን ተስፋ ሰጪ ውህድ ተውሳክ በሌለበት ከንጹሕ ኤቲፒ ጋር መፈተሽ፣ ከዚያም በማይክሮስኮፕ ማየት ግድ ነው፦ ሕያው ትሮፎዞይት (ተንቀሳቃሹ የተውሳኩ ቅርጽ) እንደሚረግፍ ቅጠል እየተገለባበጠ ይዋኛል።