የተሰነጣጠቀ የጥንት መኪና መሪ፦ ኦሪጅናሉን መጠገን ወይስ ኮፒ መግዛት?

የቆዩ መኪኖችን የሚያድሱ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ስለ መሪ ነው። ዙሪያው የተሰነጣጠቀ፣ ቀለሙ በእጅ ላብ የተበላ፣ አንዳንዴም የውስጥ ብረቱ የታየ መሪ ይዘው ይጠግኑት ወይስ አስመስሎ የተሠራ አዲስ ይግዙ በሚለው ይጨነቃሉ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ የውስጡ ብረት ደኅና እስከሆነ ድረስ ኦሪጅናሉን በኢፖክሲ (ሁለት ክፍሎቹ ሲደባለቁ በሚጠነክር ሙጫ መሰል መሙያ) መጠገን በዋጋም በአስተማማኝነትም ይበልጣል። ኮፒ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ፤ ሆኖም ሻጮች እንደሚያስወሩት ብዙ አይደለም።

ከዋጋው እንጀምር፤ ገዢ የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። የኮፒው ዋጋ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የባዶ መሪው ዋጋ ብቻ ነው። የክላክሱ መጫኛ፣ ከሥሩ ያለው የመዳብ ቀለበት፣ መኪናው ከታጠፈ በኋላ ፍሬቻውን የሚመልሰው ክፍል፣ እንዲሁም መሪውን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው መሐለኛ ቁራጭ በአብዛኛው ለየብቻ ይሸጣሉ። እነዚህ ተገዝተው የመላኪያው ሒሳብ ሲጨመር፣ ርካሽ ነው የተባለው መሪ መጀመሪያ ከታየው ዋጋ በእጅጉ ርቆ ይገኛል። በጥገናው በኩል የሚገዙት ኢፖክሲ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው መሠረት) እና ቀለም ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ውዱ ቀለሙ ነው። ሥራውን በራሱ እጅ ለሚሠራ ሰው፣ በእኔ ስሌት፣ የዕቃው ጠቅላላ ወጪ ሁሉ ነገር ከተሟላለት ኮፒ ዋጋ ግማሽ አይሞላም። ባለሙያ ከተቀጠረ ግን የመፈግፈጉ ሥራ ሰዓት ስለሚበላ ሁለቱ ዋጋዎች ይቀራረባሉ፤ ያን ጊዜም ቢሆን ገንዘቡ የሚወጣው ከመኪናው ጋር በልክ በተሠራ ዕቃ ላይ ነው።

ጥገናው የሚዘልቀው ስንጥቁ ለምን እንደመጣ ከታወቀ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ብዙ መሪዎች የተሠሩት በብረት ቀለበት ላይ ከሴሉሎስ የተገኘ ፕላስቲክ በማልበስ ነው። ይህ ፕላስቲክ በሙቀትና በብርድ የሚለጠጥበትና የሚኮማተርበት መጠን ከብረቱ ወደ አሥር እጥፍ የሚደርስ ሲሆን፣ ለስላሳ ያደረገው ንጥረ ነገርም ከዓመታት ፀሐይ በኋላ እየተነነ ያልቃል። ፕላስቲኩ ሲያጥር ብረቱ አብሮት ስለማያጥር የግድ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ክንዶቹ ከዙሪያው ጋር በሚገናኙበት ቦታና መሐሉ አጠገብ ነው። እንዲህ ያለውን መሪ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍጉት የሻገተ ቅቤ የመሰለ ሽታ ቢያወጣ አይደንግጡ፤ ፕላስቲኩ ሲያረጅ የሚለቀው አሲድ ነው። ይህ አሲድ ከሥሩ ያለውን ብረት ስለሚያዝግ፣ ከላይ ጠባብ የሆነ ስንጥቅ ከውስጥ ቡናማ ዝገት ይዞ ይገኛል።

ስለዚህ ስንጥቁን ከላይ ለብጦ ማለፍ ሥራ አይደለም። በብረት መጋዝና በባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ እስከ ብረቱ ድረስ መከፈትና አፉ ሰፋ፣ ታቹ ጠበብ ብሎ መቆረጥ አለበት፤ ዝገቱ ተፍቆ፣ ቅባቱ ፕላስቲኩን በማያሟሟ ማጽጃ ተጠርጎ ሲደርቅ ብቻ ይሞላል። አሴቶን ይህን ፕላስቲክ ስለሚያሟሟው መሪው ላይ ማፍሰስ አይገባም። መሙያው ሁለቱ ክፍሎች እኩል ለእኩል የሚደባለቁበት፣ እንደ ሊጥ ወፍራም የሆነና የማይፈስ ኢፖክሲ ቢሆን ይመረጣል፤ ፒሲ-7 የሚባለው ለዚህ የታወቀ ነው፤ ለመጠንከርም 24 ሰዓት ይፈልጋል። ብዙ ጋራዦች በእጃቸው ያለውን የቦዲ ስቱኮ፣ ማለትም የመኪና አካል ጉድጓድ የሚደፈንበትን መሙያ፣ ይሞሉበታል። ስቱኮ ቶሎ ደርቆ ቶሎ ስለሚፈገፈግ ለሠራተኛው ይመቻል፤ ነገር ግን ደረቅና ተሰባሪ በመሆኑ ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቁበት ያው ስንጥቅ ያው ቦታ ላይ ይመለሳል። ተጠግኖ ተመልሶ ተሰነጠቀ ተብሎ እጄ ላይ የደረሰ መሪ ሲከፈት በአብዛኛው የሚገኝበት ስቱኮ ነው፤ ጥገና ስሙ የጠፋውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ስቱኮ ቢገባ እንኳ ከኢፖክሲው በላይ ያሉትን የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ ጉድጓዶች ለመድፈን ብቻ ነው።

ኢፖክሲ ፀሐይ ስለሚጎዳው ያለ ቀለም አይተውም። ቀለሙ ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ባለ ሁለት ክፍል ዩሬቴን መሆን አለበት፤ ተራው የቆርቆሮ ስፕሬይ ከእጅ ላብና ቅባት የተነሣ ይለሰልስና መዳፍ ላይ ይጣበቃል። ይሁን እንጂ የዚህ ዩሬቴን ጭስ ሳንባን ክፉኛ ስለሚጎዳ፣ ንጹሕ አየር ከውጭ የሚያገኝ ጭንብል የሌለው ሰው ቀለሙን ለቀቢ ሰጥቶ ማስቀባት ይኖርበታል። ወጪው ይጨምራል፤ ቢሆንም ሌላው ሥራ በራስ እጅ ከተሠራ ድምሩ አሁንም ከኮፒው በታች ነው።

ወደ ኮፒዎቹ ስንመጣ፣ በፎቶ ሲታዩ እንከን አይወጣላቸውም። ጉድለታቸው የሚታየው ሲገጠሙና ሲነዱ ነው። በእጄ ካለፉት ውስጥ አንዱ ዘንጉ ላይ ሲገባ ጥርሱ ስለሰፋ ዳዶው ጠብቆም እንኳ ይወዛወዝ ነበር። ሌላው መሐሉ ጥልቀቱ ስላልተስተካከለ የክላክሱ ቀለበት ወደ ቀኝ በተጠመዘዘ ቁጥር ይነካካና ክላክሱ ሳይጫኑት ይጮኻል። ከሁሉ የከፋው ክንዱ ከዙሪያው ብረት ጋር የተበየደበት ቦታ ነው፤ ፕላስቲኩ ተነሥቶ ሲታይ ብየዳው በአንድ ጎን ብቻ ተነካክቶ በሌላው ጎን ክፍተት ነበረው። ሻጩ ገንዘቡን ይመልስ ዘንድ ሲጠየቅ፣ የተገጠመ ዕቃ አይመለስም ብሎ ነገሩን ዘጋው። የተሰነጣጠቀ ፕላስቲክ መልክ ያበላሻል፤ የተላቀቀ ብየዳ ግን በመንገድ ላይ መኪናውን ከነጂው እጅ ያወጣል። ኮፒ የግድ ከሆነ፣ ከመክፈል በፊት የጥርሱን ቁጥር፣ የመሐሉን ጥልቀትና የዙሪያውን ስፋት ከአሮጌው ጋር በልኬት ማመሳከር፣ ሳይገጠም የመመለሻ ቀን በጽሑፍ መቀበልም ያሻል።

የትኛውም ቢመረጥ አሮጌው መሪ በመንቀያ እንጂ በመዶሻ አይወጣም። የአሜሪካው መኪና አምራች ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ሞዴሎቹ ላይ በግጭት ጊዜ የሚታጠፍ የመሪ ዘንግ አስገብቷል፤ አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ነጂውን ከመሪ ዘንግ የሚጠብቅ ደንብ አውጥታለች። እንዲህ ያሉ ዘንጎች በውስጣቸው በግጭት ጊዜ እንዲሰበሩ የተሠሩ የፕላስቲክ ማያያዣዎች ስላሏቸው የመዶሻ ምት ሊሰብራቸው ይችላል፤ ጉዳቱም ከውጭ አይታይም። ከመንቀል በፊት ባትሪውን መፍታትና የመሪውንና የዘንጉን አቀማመጥ በምልክት ማያያዝም አይዘነጋ።

ቆዳ ማልበስን እንደ ሦስተኛ አማራጭ የሚያነሡ አሉ። ስንጥቁ ሳይሞላ ቆዳ ከለበሰ ዝገቱ ከሥሩ ይቀጥላል፤ ተሞልቶ ከለበሰ ደግሞ የጥገናው ወጪ ላይ የስፌቱ ዋጋ ይደረባል፣ መሪውም ይወፍራል። ቆዳ ቦታው የሚሆነው የዙሪያው ልባስ ለስላሳ ስፖንጅ መሰል ፖሊዩሬቴን በሆነባቸው በኋላ ዘመን መሪዎች ላይ ነው፤ እነሱ ላይ ጠንካራ ኢፖክሲ አይዘልቅምና። ከላይ ብቻ የሚጠለቀውን ተንሸራታች ሽፋን ግን በፍጹም አልመክርም።

ብርሃን በከፊል የሚያሳልፉ ወይም እብነ በረድ የመሰለ ዝንጉርጉር ያላቸው መሪዎች በቀለም መልካቸው አይመለስም። ለእነዚህ የሚሆነው በኦሪጅናሉ ብረት ላይ ፕላስቲኩን በሻጋታ እንደ አዲስ የሚያፈስ ባለሙያ ሲሆን፣ ዋጋው የኮፒውን ብዙ እጥፍ ይደርሳል፤ ወረፋውም ረጅም ነው። ያም ባለሙያ የሚጠይቀው አሮጌውን ብረት ስለሆነ፣ ኮፒ የገዛ ሰው አሮጌውን መሪ ሳይጥል አጽድቶ፣ ብረቱን ዘይት ቀብቶ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ አለበት።