ባለ ሁለት ደረጃ የትራክ እጥበት፦ ከመስከረም እስከ ሰኔ የሠራሁበት ማሽንና ኬሚካል

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። የትራክ እጥበት ሥራ ለመጀመር ያሰበ ሰው ገንዘቡን በፕሬሸር ላይ አይጨርስ። መጀመሪያ ለኬሚካሉ፣ ቀጥሎ ለውሃው ሙቀትና ብዛት ያውጣ። ፕሬሸር መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው።

እኔ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ከዴንቨር ጎን ያለችው አውሮራ ነው የምኖረው። ማሽኔን ጎትቼ ትራኮች የሚያድሩበት ግቢ ድረስ እየሄድኩ አጥባለሁ። ብዙዎቹ ደንበኞቼ ሁለት ሦስት መኪና ያላቸው የኛው ልጆች ናቸው። ማሽኑን የገዛሁት ባለፈው መስከረም ነው። በረዶውንም ሙቀቱንም አብረን አሳልፈናል። ስለዚህ አሁን ስለ እሱ በሙሉ ልብ መናገር እችላለሁ።

ዕቃው በትንሽ ተሳቢ ላይ የተገጠመ የሙቅ ውሃ ማጠቢያ ነው። ሞተሩ ሆንዳ ጂኤክስ 390 ነው፣ በቤንዚን ይሠራል። ፓምፑ በደቂቃ 4 ጋሎን ውሃ ይገፋል። ወረቀቱ ላይ ደግሞ 3,500 ፒኤስአይ (የፕሬሸሩ መለኪያ ነው) ይላል። ውሃውን የሚያሞቀው በርነር በናፍጣ ይነዳል። ከፊት ትልቅ የውሃ ታንከር አለ። ከጎኑ ሁለት የፕላስቲክ በርሜሎች አሉ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ባለ 12 ቮልት ፓምፕና የራሳቸው ቱቦ አላቸው። አንዱ የአሲዱ ነው፣ ሌላው የአልካላይኑ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ቅባት ፈቺ ኬሚካል። እነዚህ ሁለት ቱቦዎች በፍጹም አይለዋወጡም። የአሲዱን ቱቦ ቀይ ፕላስተር አስሬበታለሁ፣ ጨለማ ውስጥም ቢሆን እንዳላምታታው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሃይዌይ ላይ የሚውል ትራክ የሚይዘው ቆሻሻ ጭቃ ብቻ አይደለም። የናፍጣ ጥላሸት፣ ዘይት፣ የጎማ ብናኝና የመንገድ ጨው ተደባልቀው ቀለሙ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራሉ። በፕሬሸር ብቻ ከመታችሁት ላይ ላዩ ይሄዳል፣ ሽፋኑ ግን ይቀራል። መኪናው እርጥብ እያለ ያምራል። ሲደርቅ ጣታችሁን አሳልፉበት፤ ግራጫ ሆኖ ይመጣል። ደንበኛ የሚያኮርፈውም ያኔ ነው።

ባለ ሁለት ደረጃ እጥበት ይህን ሽፋን ብሩሽ ሳይነካው ያወርደዋል። መጀመሪያ አሲድ ይረጫል። አሲዱ ጨውን፣ የውሃ ጠባሳንና የብረት ዝገትን ይፈታል። ሳይታጠብ፣ እዚያው ላይ አልካላይኑ ይከተላል። እሱ ደግሞ ዘይቱንና ጥላሸቱን ያነሳል፣ የቀረውንም አሲድ ያበርዳል። ከዚያ በሙቅ ውሃ ይታጠባል። በቃ። ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያ ከታች ወደ ላይ በአንዴ ሲገለበጥ ሽፋኑ ቀለሙን የያዘበት ኃይል ይላቀቃል። ልዩነቱን ለማየት አንድ ነጭ ባለ 53 ጫማ ተሳቢ የኋላ በሮቹን ለየብቻ አጠብኳቸው። የግራውን በር በአልካላይን ሳሙና ብቻ፣ የቀኙን በሁለቱም። ሁለቱም ላይ ያው ሙቅ ውሃ፣ ያው ርቀት። ሲደርቁ የግራው ክሬም መሰለ። የቀኙ ነጭ ነበር። በሮቹ መሃል ላይ ያለው መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። የተሳቢው ባለቤት ግራውንም ድገመው ብሎ ቆሞ አሠራኝ።

አረጫጨቱ ላይ አንድ ሕግ አለ። ኬሚካል ከታች ወደ ላይ ይረጫል፣ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ኬሚካሉን ከላይ ከጀመራችሁ በደረቁ ቀለም ላይ እየተንጠባጠበ መስመር ያወጣል። ያ መስመር ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ሌላው ጊዜው ነው። አሲዱ ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ አልቆይም። ኮሎራዶ አየሩ ደረቅ ነው፣ ፀሐዩም ይፋጃል። ስለዚህ አንድ ጎን ጨርሼ ነው ወደ ሌላው የምዞረው። በጋ ላይ ደግሞ ቀን አላጥብም፤ ማታ ወይም ጠዋት በማለዳ ነው። የሚግል ብረት ላይ ኬሚካል መርጨት መኪና ማበላሸት ነው።

አንድ ረጅም ዓመት የነዱ ጋሼ መጀመሪያ ቀን በጣም ተጠራጥረው ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ቀለሜን አይበላውም?»

«ከደረቀ ነው የሚጎዳው፣ ጋሼ። እኔ ደግሞ እንዲደርቅ አልተወውም።»

«እስቲ እዚሁ ቆሜ ልየው» አሉና ሰዓታቸውን እያዩ አጠገቤ ቆሙ። ሠርቼ እስክጨርስ ንቅንቅ አላሉም። ልክ ናቸው። የማንም መኪና ባለቤት እንዲህ ቆሞ የመጠየቅ መብት አለው።

ስለ አሲዱ ዓይነት ግን ረጋ ብለን እንነጋገር፣ የሰው ሕይወት ያለበት ነውና። ገበያ ላይ በጣም የሚያጸዳው የመጀመሪያ ደረጃ ኬሚካል ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያለበት ነው። አንዳንዱ ላይ አሞኒየም ባይፍሎራይድ የሚል ታገኛላችሁ። እሱም ውሃ ሲያገኝ ወደዚያው ይሄዳል። ይህ አሲድ እንደ ሌላው ወዲያው አያቃጥልም። በውሃ የቀጠነው አሲድ ቆዳ ሲነካ ምንም ላይሰማችሁ ይችላል። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ይመጣል። ያኔ ውስጥ ገብቶ ከሰውነት ካልሲየም ጋር እየተያያዘ ነው። አጥንት ይጎዳል፣ ብዙ ከሆነ ልብ ያቆማል። የሸጠልኝ ሰው ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሰም። «ምርጡ እሱ ነው» ብቻ ነው ያለኝ። በርሜሉ ሲመጣ የደህንነት መረጃ ወረቀቱን አነበብኩና መለስኩት። ይህን ወረቀት መጠየቅ መብታችሁ ነው። ካልሰጡዋችሁ አትግዙ።

የምጠቀመው ከዚህ አሲድ ነጻ የሆነውን ነው። ትንሽ ይደክማል፣ እውነቱን ለመናገር። ያረጀ ዝገት ላይና ለወራት ውሃ ያልነካው ተሳቢ ላይ ሁለቴ መድገም ይጠይቃል። ግን መስታወት አይቀርጽም። ሃይድሮፍሎሪክ የፊት መስታወትን ወተት የፈሰሰበት ሊያስመስለው ይችላል። ከዚያ በኋላ መቀየር እንጂ ማጽዳት የለም። እኔ ዘንድ ደግሞ አንዳንዴ የሚያግዘኝ የእህቴ ልጅ አለ። የእሱን እጅ ለንጣት አልለውጥም። በዚህ አሲድ የግድ የሚሠራ ሰው ካለ ወፍራም ጓንትና ፊት የሚሸፍን መከላከያ ያድርግ፣ የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል ኪሱ ውስጥ ይኑር፣ ከነካውም ሕመሙን ሳይጠብቅ ሐኪም ቤት ይሂድ።

አልካላይኑም የዋህ አይደለም። ዓይን ያጠፋል። አሉሚኒየም ይጠላዋል። ኮስቲክ ሶዳ ያለበት አልካላይን የተወለወለ ቸርኬ ወይም የነዳጅ ታንከር ላይ ከዋለ ብልጭታው ጠፍቶ ግራጫ ይሆናል። መልሶ ማስወልወል ከአንድ ዓመት የእጥበት ክፍያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የተወለወለ አሉሚኒየም ያለው ፒተርቢልት የሚባለው ትራክ ሲመጣ ሁለቱንም ኬሚካል እዚያ ቦታ አላስጠጋም። በለስላሳ ሳሙናና በጨርቅ በእጄ እሠራዋለሁ፣ ዋጋውንም ለብቻ እናገራለሁ። ሁለቱን ኬሚካል ሳይቀጥኑ አንድ ዕቃ ውስጥ ማገናኘት ደግሞ ክልክል ነው፣ ይፈላና ይፈናጠራል። አሲዱን ከበረኪና ጋር ካገናኛችሁት መርዛም ጋዝ ይወጣል።

አሁን ወደ ማሽኑ። 3,500 ፒኤስአይ የሚለውን ወረቀት እዚህ ሀገር ከፍታ ላይ እርሱት። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 5,280 ጫማ ላይ ናት። ሆንዳ ራሱ በመመሪያው እንደሚለው ሞተሩ በየ1,000 ጫማው 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ያ ማለት እዚህ 18 በመቶ ገደማ ሄዷል ማለት ነው። የካርቡራቶሩን ጄት (ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ) ለከፍታ በሚሆነው አስቀየርኩ፤ ጭሱ ቀነሰ፣ አነሳሱም ተስተካከለ፣ የሄደው ጉልበት ግን አይመለስም። የኔ ጌጅ ከ2,700 በላይ ወጥቶ አያውቅም። ደግሞስ ምን ይሠራልኛል? ኬሚካሉ ሥራውን ከሠራ ትራክ በ1,500 እና በ2,000 መካከል በደንብ ይታጠባል። ከዚያ በላይ ስቲከር ይልጣል፣ ጓርኒሲዮን ያነሳል፣ ራዲያተር ያጣምማል። ከኖዝሎቹ (ከመርጫው ጫፎች) አረንጓዴውን ባለ 25 ዲግሪና ነጩን ባለ 40 ዲግሪ ነው የምጠቀመው። ውሃውን በአንድ ቀጭን መስመር የሚመታውን ቀዩን ዜሮ ዲግሪ ከሳጥኑ አውጥቼ ቤት አስቀምጬዋለሁ።

በርነሩ ወዳጄ ሆኗል። ቅባት በሙቅ ውሃ እንደሚለቅ ድስት ያጠበ ሁሉ ያውቃል። ሙሉ ሲነድ በሰዓት ሁለት ጋሎን ተኩል ገደማ ናፍጣ ይጨርሳል፣ ይሄ ወጪ ነው፤ ሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡት። ሲመጣ ግን ጥቁር ጭስ ያጨስ ነበር። አየሩ የሳሳ ስለሆነ የአየር ማስገቢያውን ከፈት ማድረግ ይፈልጋል። ጥር ላይ ደግሞ ጨርሶ አልነሳ አለ። የሸጠልኝ ድርጅት ስልክ አያነሳም። በመጨረሻ አንድ የኛ ሰው የሆነ መካኒክ አየው። ውሃ መፍሰሱን ለበርነሩ የሚናገረው ማብሪያ ውስጥ የዝገት ቅንጣት ገብታ ይዛው ነበር። አውጥተን አጸዳነው። ከታንከሩ መውጫ ላይ ማጣሪያ ገጠምን። ከዚያ ወዲህ አልደገመውም። ይህን ማጣሪያ ከመጀመሪያው ቀን አስገጥሙ።

ብርዱ ሌላ ፈተና ነው። ውሃ ፓምፑና ኮይሉ (በርነሩ የሚያሞቀው ጥምዝ ቱቦ) ውስጥ አድሮ በረዶ ከሆነ ይሰነጥቃቸዋል። በየማታው ማሽኑን ከማጥፋቴ በፊት አንቲፍሪዝ አስገብቼ በመርጫው ጫፍ ቀለሙ እስኪወጣ እገፋለሁ። ይደክማል፣ ግን ኮይል መቀየር የሚያስወጣውን ሳስብ ሁሌም አደርገዋለሁ። ሥራው የሚበዛው ደግሞ ያኔው ነው። አይ-70 በሚባለው ሃይዌይ ላይ ለበረዶ የሚረጩት ማግኒዥየም ክሎራይድ ከተራራው የወረደውን ትራክ ሁሉ ያለብሰዋል። አየር ላይ ያለውን እርጥበት እየሳበ ስለማይደርቅ ከሥር የኤሌክትሪክ ሽቦውንና የፍሬን ቱቦውን ይበላል። ባለትራኮች፣ በዚያ ወቅት ለውበት ሳይሆን ለሥሩ ስትሉ አሳጥቡ። ከሥር በኩል ኬሚካል ሳይሆን ብዙ ሙቅ ውሃ ነው የሚሠራው።

በጋ ላይ አንድ ነገር ላይ ደካማ ነው። ከነብራስካና ከካንሳስ የሚመጣ ጋቢና ፊቱ በሙሉ በነፍሳት ተለጥፎ ይመጣል። ሁለቱ ደረጃዎች እሱን አይፈቱትም። አልካላይኑን ብቻ ቀባ አድርጎ፣ አርሶ፣ በለስላሳ ብሩሽ ማሸት ነው። «ብሩሽ አያስፈልግም» የሚለውን የሻጭ ንግግር እዚህ ላይ አትመኑት።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የተከማቸውን ኬሚካል በርሜሉ ላይ በተጻፈው መጠን አቅጥኜ ስጠቀም ጋቢናና ተሳቢ ተደምሮ ከአምስት ዶላር ያነሰ ኬሚካል ነው የሚወስደው። ውድ የሆነብኝ የቆሸሸውን ውሃ መሰብሰቡ ነው። የዝናብ ውሃ መውረጃ ውስጥ መልቀቅ አይቻልም፤ የ1972ቱ የንጹሕ ውሃ ሕግ አለ። እዚህ ያ መውረጃ ሳይጣራ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ነው የሚገባው። ዙሪያውን የሚገድብ ምንጣፍና ውሃ የሚመጥ ቫኪዩም ገዝቼ፣ የተሰበሰበውን በተፈቀደ ቦታ ብቻ አስወግዳለሁ። ይህን የማያደርጉ ሰዎች ከኔ በርካሽ ያጥባሉ። ደንበኛ ሲጠይቀኝ ዋጋዬን አልቀንስም፣ ምክንያቱን ነው የምነግረው። ልጆቻችንን ቅዳሜ ቅዳሜ የምናዝናናው እኮ ወንዙ ዳር ነው።

አዲስ አበባ ላቫጆ ያለው ዘመዴ ይሄንኑ ማሽን ልላክልህ ወይ ስለው በጣም ጓጉቶ ነበር። አይሆንህም አልኩት። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ናት፣ ከዴንቨር በጣም ትበልጣለች። በሆንዳ ሒሳብ የቤንዚን ሞተሩ ከሩብ በላይ ጉልበቱን እዚያ ያጣል። መብራቱ አስተማማኝ በሆነበት ቦታ ባለ ሦስት ፌዝ የኤሌክትሪክ ሞተር ያለውን ግዛ፣ እሱን የአየሩ መሳሳት እንደ ቤንዚን ሞተር ጉልበት አያሳጣውም። ከጅቡቲ መስመር የሚመጡት ከባድ መኪኖች ላይ ጥላሸቱና ቅባቱ ስላለ ሁለቱ ደረጃዎች ይሠሩለታል። ለከተማው አቧራና ጭቃ ግን ሳሙናና ሙቅ ውሃ ይበቃዋል። አሁን ከደብረ ዘይት መንገድ ያሉ ሻጮችን እየጠየቀ ነው። ከፒኤስአይ በፊት በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚገፋ ጠይቅ ብዬዋለሁ።