ስድስት ጣት በ1,800 ብር፦ የልጆች የፎቶ መጽሐፍ የምትገዙ ተጠንቀቁ

ወላጆች፣ ቴሌግራም ላይ «በእውነተኛ ፎቶ የተዘጋጀ» እየተባለ የሚሸጥ የልጆች መጽሐፍ ካያችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ቆም በሉ። እኔ ተሸውጃለሁ። የሻጩን ስም አልጠራም፤ የሆነውን ግን ልንገራችሁ።

አራት መጽሐፍ ነው፤ እንስሳት፣ ፍራፍሬና አትክልት፣ የቤት ዕቃ፣ ባህላችን። ባንድ ላይ 1,800 ብር። ማስታወቂያው ላይ ወፍራም ካርቶን፣ የሚያብረቀርቅ ገጽ ይታያል። ልጄ አራት ዓመቷ ነው፤ ሥዕል ስታይ «የእውነቱስ?» ማለት ጀምራለች። ስለዚህ አላንገራገርኩም። በቴሌብር ቀድሜ ከፈልኩ፤ አንድ ልጅ በሞተር አምጥቶ በር ላይ ሰጠኝና ሄደ። ደረሰኝ የለም። ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው የጀመረው።

ካርቶን የተባለው ተራ ወረቀት ሆኖ ተገኘ። ይሁን፣ ብዬ ማታ ልጄን አቅፌ «ባህላችን» የሚለውን ገለጥን። ቡና የምታፈላ ሴት አለች፤ ረከቦቱም፣ ቄጠማውም፣ ጭሱም አለ። ልጄ ሰሞኑን ቁጥር እየተማረች ስለሆነ ያየችውን ሁሉ ትቆጥራለች። ሲኒ የያዘውን እጅ ያዘችው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት… ስድስት!» የተሳሳተች መስሎኝ እንደገና አስቆጠርኳት። ስድስት ነው! ለካ ፎቶ ሳይሆን በኤአይ የተፈበረከ ምስል ነው። ጀበናዋን ልብ ብዬ ሳያት ደግሞ እጀታዋ አንገቷን አልነካም፤ አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

የእንስሳቱ ይብሳል። «ቀይ ቀበሮ» የሚለው ገጽ ላይ የፈረንጅ ቀበሮ በረዶ ላይ ቆሟል። ወንድሜ ባሌ ጎባ ሠርቷል፤ እዚያ ሳነቲ አምባ ላይ የኛን ቀይ ቀበሮ ስንቴ አይቶታል። ገና ገጹን ሲያይ ሳቀ። «ጭራውን እዪው» አለኝ። የፈረንጁ ጭራ ጫፉ ነጭ ነው። የኛው ቀይ ቀበሮ ጫፉ ጥቁር ነው፤ እግሩም ረዘም፣ አፉም ሾል ይላል። «ዋልያ» ያሉትም የአልፕስ ተራሮች የዱር ፍየል ነው። ከሰሜን ተራሮች በቀር የትም የማይገኝ የራሳችን እንስሳ እያለ!

ሌሎቹ ገጾች ከሌላ መጽሐፍ ስካን የተደረጉ ናቸው። ይሄን ማወቅ ቀላል ነው። የታተመ ፎቶ በአራት ቀለም ጥቃቅን ነጠብጣቦች ነው የሚሠራው። ያንን መልሰው ስካን አድርገው ሲያትሙት ነጠብጣቦቹ ይጋጩና ምስሉ ላይ እንደ ወንፊት ያለ መረብ ይታያል። የስልካችሁን ካሜራ አስጠግታችሁ ብታዩ ይገባችኋል። እኔ ሙዙ ላይ አይቼ ሙዝ አስጠላኝ።

ጀርባው ላይ ያለውን ባርኮድ በስልኬ ሳነበው ደግሞ የእንግሊዝኛ የምግብ ማብሰያ መጽሐፍ ሆኖ አረፈው። እዚህ አገር የታተሙ ብዙ መጻሕፍት የመለያ ቁጥራቸው (ISBN የሚባለው) በ978-99944 ይጀምራል፤ የኔው በ978-1 ነው። የአሳታሚ ስም የለ፣ የማተሚያ ቤት የለ፣ የፎቶ አንሺ የለ።

ለሻጩ ጻፍኩለት። «እህቴ፣ ልጅ ናት እኮ፣ ምን ታውቃለች?» አለኝ። እዚህ ላይ ነው የጦፍኩት። ጣቱን ቆጥራ ያገኘችው እሷ አይደለችም እንዴ! የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ መጠየቅ እንደሚፈቅድ ነገርኩት። «ደረሰኝሽን ላኪ» ብሎ ብሎክ አደረገኝ። መቼም ደረሰኝ እንዳልሰጠኝ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

እና መግዛታችሁ ካልቀረ፣ ገጾቹን እየገለጠ የሚያሳይ ቪዲዮ አስልኩ። መጀመሪያ የአገራችንን እንስሳት፣ ቀጥሎ የሰዎቹን እጅ ተመልከቱ። ብሩን ዕቃው እጃችሁ ገብቶ ሳታዩ እንዳትልኩ። እኔ አሁን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ሄጄ ገልጬ፣ አሽትቼ ነው የምገዛው። ጥጉ ቢቀደድም ፎቶው ፎቶ ነው።

ማስታወቂያው ትናንትም ነበር። ዋጋው 1,500 ብር ገብቷል።